የጃንሆይ ውሻና የወሎ ሰው

ስለ ውሻ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሰው መሳቂያ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» የሚል ተረት ባለበት አገር ውሻን ከታሪክ ጋራ ማገናኘት ድፍረት ነው። እኔም ለታሪክ ኮርስ የጽሑፍ ርእስ ምረጡ ስንባል «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ» ብዬ ባስመዘግብ፣ የዶርም ጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ በሩን በከፈትሁ ቁጥር «ሃው! ሃው!» እያሉ ተቀበሉኝ። ይበሉ። ውሻዋ ግን ለእኔ ቀልድ አይደለችም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እኛ ቤት፣ ኮን፣ ስለ ስድሳ ስድስቱ ረሃብ ሲወራ ሁልጊዜ አንዲት ውሻ ትመጣለች። አያቴ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በላስታ በኩል ቀያቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች በደጃቸው ሲያልፉ፣ እናቷ የገብስ ቆሎ እፍኝ እፍኝ ስትሰጥ፣ ኋላም እፍኙ ሲያልቅ በሩን ዘግታ ስታለቅስ ታስታውሳለች። ይህን ስትተርክ ድምፅዋ አይለወጥም። የሚለወጠው መጨረሻው ላይ ነው። «እኛ እንዲያ ስንሆን፣ ጃንሆይ ያቺን ትንሽዬ ውሻቸውን በብር ሳህን ሥጋ ያበሉ ነበር አሉ» ትላለች።

«አሉ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ኮን እንኳን ቴሌቪዥን መኪናም ብርቅ ነው። ዛሬ የቻይና መንገድ የምንለው፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸናና በኮን አልፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚሄደው መንገድ፣ ገና አልተሠራም። ወሬ የሚመጣው በእግር ነው፤ ከወልድያ ገበያ ከጨው ጋራ። ታዲያ ከአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተነሣች፣ ሦስት ኪሎ የማትሞላ ውሻ የዋድላን ዳገት ወጥታ እኛ ቤት ምድጃ ዳር ድረስ እንዴት ደረሰች? ጽሑፌ በሙሉ ይህን መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ውሻዋ ራስዋ። ስምዋ ሉሉ ነው። ዘርዋ ቺዋዋ የሚባለው እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከጃንሆይ ጋራ የተነሣቻቸውም ፎቶግራፎች ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ክብ ራስ፣ የሌሊት ወፍ የመሰለ ጆሮ፣ ጎላ ጎላ ያለ ዓይን። (አማርኛችን ትንሽን ነገር በሴት አንቀጽ ስለሚጠራ እኔም «መጣች፣ ሄደች» እላለሁ፤ ወንድ የሚያደርጓትም አሉ።) ቺዋዋ ስሙን ያገኘው በሰሜን ሜክሲኮ ካለው ክፍለ ሀገር ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ድንበር የሚሻገሩ አሜሪካውያን ከሜክሲኮ ሰዎች እየገዙ ወሰዱት፤ በ20ኛው መባቻ ላይ በአሜሪካ የውሾች መዝገብ ገባ። ክብደቱ በመዝገቡ ደንብ ከ2 ኪሎ ከ700 ግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። እንግዲህ ከአንድ የኮን አውራ ዶሮ ጋራ ቢመዘን ማን እንደሚያጋድል እንጃ።

አርቢዎቹ ግን በዚህ አልረኩም። ለውሻው የዘር ሐረግ አበጁለት። ቴቺቺ የሚባል፣ ከአዝቴክ በፊት የነበሩት ቶልቴኮች ያረቡት ውሻ ነበር፤ የዛሬው ቺዋዋ ቀጥተኛ ልጁ ነው አሉ። እኔ ለላስታ ቅርብ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና የዘር ሐረግ ሲቆጠርልኝ ጠርጠር ማለት ልማዴ ነው። በ1270 እ.ኤ.አ. ዛጔን ጥለው የነገሡት ወገኖች ሐረጋቸውን እስከ ሰሎሞን መዘዙት፤ ላሊበላን ያነፀው ቤት ደግሞ በመካከል የገባ ተብሎ ተጻፈ። መዝገቡን የያዘ ሰው አያቱን ይመርጣል ማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የዘረመል ጥናት፣ አውሮፓውያን ከመግባታቸው በፊት በአሜሪካ ምድር የነበሩት ውሾች ዘራቸው ከሞላ ጎደል እንደ ጠፋ፣ በዛሬዎቹ ውሾች ውስጥ፣ ቺዋዋንም ጨምሮ፣ የቀረው ፍንጣሪ ብቻ እንደ ሆነ አሳይቷል። ስሙ የሜክሲኮ፣ ደሙ በአብዛኛው የአውሮፓ መሆኑ ነው።

ትንሽ ውሻ ሁሉ ግን ለጭን የተፈጠረ አይደለም። ቴሪየር የሚባሉት ዘሮች አሉ፤ ስማቸው መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ጉድጓድ ገብተው አይጥና ቀበሮ የሚያወጡ ናቸውና። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በጥብጣብ ታስሮ በሴቶች ቦርሳ ውስጥ የሚታየው የዮርክሻየር ቴሪየር ታሪኩ ያስገርማል። ውሻው የሸማኔ ውሻ ነበር! በ19ኛው ምዕት ዓመት መካከል ከስኮትላንድ ወደ ዮርክሻየር ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ የፈለሱ ሸማኔዎች ትንንሽ ውሾቻቸውን ይዘው መጡ። ውሾቹ በፋብሪካው ውስጥ አይጥ ይይዛሉ፤ ማታ ከባለቤታቸው ጋራ ወደዚያች ጠባብ ቤት ይገባሉ። ጠጉራቸው ረጅምና ሐር የመሰለ ስለ ነበር፣ «ይህስ ከሸማኔው እጅ የወጣ ነው እንጂ ከእናቱ ማኅፀን አልወጣም» እየተባለ ይቀለድ ነበር። በ1865 እ.ኤ.አ. የተወለደው «ሀደርስፊልድ ቤን» የተባለው ውሻ የዘሩ ሁሉ አባት ሆነ፤ በ1871 ሠረገላ ገጭቶት ሞተ። በ1873 የእንግሊዝ የውሾች ክበብ ተቋቁሞ ዘሮችን በመዝገብ ማስፈር ሲጀምር የሸማኔው ውሻ ወደ ሀብታሞች ሳሎን ተሻገረ። ሸማኔው ግን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ቀረ።

ጠባዩ እንኳ አልተለወጠም ይላሉ የሚያውቁት። ትንሽነቱን አያውቅም፤ ትልቅ ውሻ ላይ ይዘላል፤ ካላስተማሩት ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ስሞኪ» የተባለች የዮርክሻየር ቴሪየር፣ ክብደቷ 2 ኪሎ የማይሞላ፣ በኒው ጊኒ ጫካ ተገኝታ የአንድ አሜሪካዊ ወታደር ውሻ ሆነች። ፊሊፒንስ፣ ሉዞን ላይ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር 21 ሜትር ርዝመት ባለው ጠባብ ቱቦ ውስጥ የስልክ ሽቦ በአንገትዋ ታስሮላት ጎትታ ወጣች። ካለ እርስዋ መሬቱን መቆፈር የብዙ ሰዎች የቀናት ሥራ ነበር። ለጭን ትሁን ለጉድጓድ የሚወስነው መጠኗ ሳይሆን ያሳደጋት ሰው ፍላጎት ነው ለማለት ነው ይህን ያመጣሁት።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥት እንግባ፤ ግን በሌላ በር። በ1860 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ ያለውን የቻይናን ንጉሥ የበጋ ቤተ መንግሥት ዘርፎ አቃጠለ። ዱን የተባለ አንድ መኮንን እዚያ ካገኛቸው ትንንሽ የፔኪኒዝ ውሾች አንዷን ይዞ ወጣ፤ በ1861 ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከታት። ንግሥቲቱም ስም አወጣችላት፤ ሉቲ። ትርጉሙን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ «የዘረፋዋ» እንደ ማለት ነው። ማንም አላፈረም። ሉቲ ሥዕልዋ ሁሉ ተሥሎላት እስከ 1872 ኖረች።

ይህን ሳነብ በጣም ነው የደነገጥሁት። ምክንያቱም ሉቲ በንግሥቲቱ ቤት በምትኖርበት በ1868 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ1860 ዓ.ም.፣ የዚያችው ንግሥት ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ በላስታ በኩል አድርጎ በዋድላ ሜዳ አለፈ። ከኮን አካባቢ እስከ ቤተ ሖር፣ ከዚያ ወደ ዥጣ ገደል፣ ከዚያ ደላንታ፣ በሽሎ፣ መቅደላ። ከእነሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተተ፣ ገደሉን እየናደ መንገድ እያበጀ ያለፈው በዚሁ ነው። ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወጣ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ሄደ። ልጁ ከንግሥቲቱ ፊት ሲቀርብ ሉቲ በሕይወት ነበረች። ከዚህ በላይ ምንም አልልም።

ወደ ሉሉ እንመለስ። ዓለም ሉሉን የሚያውቃት በአንድ መጽሐፍ የተነሣ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎችን በሥውር አነጋገርሁ ብሎ፣ ስማቸውን በፊደል ብቻ እያመለከተ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በፖላንድኛ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1983 በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። ገና ከመነሻው የምናገኛት ሉሉን ነው። በመጽሐፉ መሠረት የጃፓን ዘር ናት፤ በጃንሆይ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ በሥነ ሥርዓት ጊዜ ከጭናቸው ወርዳ የመኳንንቱን ጫማ ትሸናለች፤ መኳንንቱ መንቀሳቀስ አይፈቀድላቸውም፤ ጫማቸውን በሳቲን ጨርቅ የሚጠርግ አንድ አሽከር አለ፤ ሥራውም ለ10 ዓመት ይኸው ብቻ ነበር።

ዓለም ሁሉ ይህን አንብቦ ሳቀ። ሃሮልድ ማርከስ የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ሊቅ ግን አልሳቁም፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ታሪክ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ መጽሐፉ በስሕተት የተሞላ መሆኑን፣ ይህንንም ሳይመረምሩ ያሞገሱት ገምጋሚዎች ስለ አፍሪካ የተነገራቸውን ሁሉ የሚቀበሉ መሆናቸውን ገለጹ። የፖላንድ አንባቢ በበኩሉ ነገሩን እንደ ሌላ ነው የወሰደው። ሳንሱር ባለበት አገር ስለ ራስ ፓርቲ መጻፍ ስለማይቻል፣ በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውስጥ የዋርሶውን አነበበ። እንግዲህ ሉሉ ሳታውቀው ፖላንድ ሄዳ የሌላ ሰው ጫማ እየሸናች ነበር ማለት ነው።

እኔ ደግሞ በአቅሜ በውሻዋ በኩል መረመርሁት። በመጀመሪያ ጃፓናዊት አይደለችም፤ የጃፓኑ ትንሽ ውሻ ጠጉሩ ረጅም፣ አፍንጫው የተጨፈለቀ ነው፤ በፎቶው ላይ ያለችው እንዲያ አይደለችም። ቀጥሎ የዘሩ ጠባይ አለ። ቺዋዋ የአንድ ሰው ውሻ ነው ይባላል፤ አንድ ጌታ ይመርጣል፤ ሌላው ሁሉ ለእርሱ ባዕድ ነው። እንግዳ ሲበዛበት ይንቀጠቀጣል፣ ከጌታው ብብት ሥር ይሸጎጣል፣ ቢብስበት ጥርሱን ያሳያል። ያን ሁሉ መቋሚያና ካባ የለበሰ መኳንንት እያቋረጠ ከጫማ ወደ ጫማ የሚዘዋወር ቺዋዋ እምብዛም አይታየኝም። አይሆንም አልልም፤ ውሻ ውሻ ነው። ግን አንድ አሽከር ለ10 ዓመት ሌላ ሥራ እስኪያጣ ድረስ? የፊኛዋን መጠን አስቡት እንጂ!

ስለ አልጋው ጉዳይ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋራ ስድስት ኪሎ ገባንና በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያለውን የጃንሆይን መኝታ ቤት ስናይ ቆየን። ጓደኛዬ «ይኸውልህ የሉሉ አልጋ» አለኝ። እኔም አመንሁ። ማታ ሳስበው ግን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ጃንሆይ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛውረዋል። የመጽሐፉ ሰዎች የሚያወሩት ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። አልጋውም ያ አይደለም ማለት ነው። ደግሞስ በአልጋ መተኛቷ ምን ነውር አለበት? የዚህ ዘር ጠጉሩ ስስ፣ ሥጋው ትንሽ፣ ሙቀቱን ቶሎ የሚያጣ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ሌሊት ውጭ ቢያሳድሩት የሚደርስበት ይታወቃል። ጃንሆይ ውሻቸውን በአግባቡ ይዘው ነበር ከማለት በቀር ሌላ አልልበትም።

ስለ አያያዝ ካነሣን አይቀር፣ አንዳንድ የከተማ ልጆች አሁን አሁን እነዚህን ትንንሽ ውሾች እየገዙ ስለሆነ ጥቂት ልበል። የቺዋዋ ቡችላ አናቱ ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ ሳይገጥም የሚቀር ስስ ቦታ አለው፤ አናቱን መምታት አደጋ ነው። እግሩ እንደ ክብሪት ነውና ከሶፋ ሲዘል ይሰበራል። ጥርሱ በጠባብ አፍ ውስጥ ስለሚጨናነቅ ካልተጠረገ ቶሎ ይበላሻል። ቡችላው አንድ ሁለት ጊዜ ምግብ ቢያልፈው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ስለሚችል ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ ማብላት ያሻል። የእኛ ኮን ውሻ ይህን ቢሰማ ይስቃል። የእሱ አያያዝ ሌላ ነው፤ ቡችላ ሳለ ጆሮውን ይቆረጣል፤ ቀን ይታሰራል፤ ማታ ይለቀቃል፤ የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፤ የቀረውን ራሱ ፈልጎ ያሟላል። ጆሮ መቁረጡ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ይብቃ ብል ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሉሉና የእኛ ውሻ እኩል ናቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ታሪክ በጻፉት ላይ በ1903 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ትልቅ ወረርሽኝ እንደ ነበረ፣ ሕዝቡም በየዓይነቱ ቅጠልና ሥር ይታከም እንደ ነበር ይገልጻሉ። ፓስተር ግን በ1885 ሐምሌ ወር የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት አድኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ስንት ነው! የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ፣ በሕፃንነታችን ተነክሶ መጀመሪያ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ተወሰደ፤ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው ለመርፌ የወረደው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሆዱ ላይ ተወጋ። ተረፈ። ሁሉም አይተርፍም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት፤ ውሻውም በጊዜው ይከተብ። ኮን ውስጥ ውሻ ማስከተብ ቅንጦት የሚመስላቸው ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ግን ከብር ሳህኑም ከአልጋውም ይልቅ የምቀናው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ብር ሳህኑ ደረስን።

በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን የረሃብተኞች ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩን ሲሸፋፍን ቆየ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የየካቲቱ እንቅስቃሴ፣ ደርግ፣ ቀስ በቀስ መሸርሸሩ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ግን እንዳለ አልቀረበም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ጃንሆይም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚታዩባቸው ምስሎች ተቆርጠው ገቡበት። በማግሥቱ ጠዋት መኮንኖች መጥተው የመውረጃ ቃሉን አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገንም ወሰዷቸው።

ውሻዋ ኮን የመጣችው በዚህ በኩል ነው። ፊልሙን ያየው አዲስ አበባና ጥቂት ከተማ ነው፤ ያየው ላላየው ነገረ፤ ሹፌሩ ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለገበያተኛው። በመንገድ ላይ ብዙዎቹ ውሾች ወደ አንዲት ተጠቀለሉ፤ አንዲቷም ትንሿ ሆነች፤ የብር ሳህኑም ተጨመረላት። ከኬኩና ከሻምፓኙ ይልቅ ውሻዋ የተረፈችው ለምን ይመስላችኋል? ሻምፓኝ ምን እንደ ሆነ ኮን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ውሻ ምን እንደሚበላ ግን የማያውቅ የለም።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ይህን ሁሉ «ፕሮፓጋንዳ» ብዬ ልዘጋው ነበር። ሒሳብም ሠራሁ። ይህን የሚያህል ውሻ በቀን የሚበላው አንድ ሲኒ ባይሞላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ቢደመር አንድ የዋድላ ቤተ ሰብን ለአንድ ክረምት አያሻግርም። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ግን በየግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት የድህነትና የረሃብ ጥናት ላይ ለወሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተዋል። እዚያ ላይ የሚያሳዩት ነገር ከውሻዋ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጎደለም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ሰው እየሞተ ሳለ ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም ስለ ጠፋ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ገበያው እህሉን አይልክለትም። ጭሰኛው፣ ከብቱ ያለቀበት አፋር፣ የቀን ሠራተኛው ቀድመው ወደቁ። የጫነው ነጋዴ፣ ኪራዩን የተቀበለው ባለ መሬት፣ ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ የከተተው ሹም፣ አንዳቸውም በዚያ ፊልም ላይ አልታዩም። ውሻዋ ሸፈነቻቸው። ከ10 ዓመት በኋላ በ1977፣ ፊልሙን ያሳየው መንግሥት ራሱ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ባከበረ በወሩ፣ ኮረም ዳግመኛ በረሃብተኛ ተሞላች። በዚያኛው ድግስ ላይ ውሻ አልነበረም።

ይህን ይዤ ለዕረፍት ኮን ስወርድ ለአያቴ ነገርኋት። ሒሳቡን፣ ደሴን፣ ነጋዴውን፣ ሁሉንም። ገብስ እየፈተገች ሰማችኝ።

«እና ውሻዋ አልበላችም ነው የምትለኝ?» አለች።

«በልታለች እንጂ፣ እማዬ። ግን እሷ የበላችው አይደለም ሰው የገደለው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ የውሻ ጉርሻ ሰው አይገድልም። አንተ ልጅ፣ እኔ የሚቆጨኝ እሳቸው ቆመው ማየታቸው ነው። የውሻዋን ረሃብ አይተውታል። የኛን አላዩትም።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ የታሪክ ጽሑፌን ሳስረክብ ይህን አረፍተ ነገር የት እንደማገባው ስላጣሁ ትቼው ነበር፤ እዚህ ያመጣሁትም ስለዚህ ነው።

እኛ ቤት መከታ የሚባል ውሻ አለ። ቡናማ፣ ጆሮ ቆራጣ፣ ዘሩ በየትም መዝገብ የሌለ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ በጋሸና በኩል ሲመጣ ቤተ ሰቡ ከብቱን እየነዳ ሲሸሽ እሱ ከግቢው አልወጣም አለ፤ ጎትተን ጎትተን ተውነው። በ2014 ታኅሣሥ ገደማ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ እሱ ምድጃው አመድ ላይ ተኝቷል። አጥንቱ ይቆጠራል። መጀመሪያ አላወቀንም፤ ጮኸብን። አያቴ ከመንገድ ስንቅ የተረፈውን በሶ በውኃ በጠበጠች። ለልጆቹ አቀረበች። ከዚያ ጣባውን እንዳለ፣ ታችኛው ላይ የቀረውን ሳትጠርግ፣ ወስዳ አመዱ አጠገብ አስቀመጠችለት፤ ልሶ እስኪጨርስም ከአጠገቡ ቆማ ታየው ነበር።